«ሽበት ከሥሩ ያጠቁራል» የተባለውን ፓኬጅ አትግዙ፤ ደሴና ዙሪያዋ ላላችሁ ሁሉ

ሰላም ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅ ወገኖቼ። ሰሞኑን ከቡና ወደ ቡና እየዞረ ስለሚሸጠው የሽበት ማጥፊያ ፓኬጅ ልነግራችሁ ነው። ዋጋው 4,500 ብር ነው። ክፍያው ቀድሞ በቴሌብር፤ ደረሰኝ የለውም፤ ሱቅ የለውም፤ ስልኩ ከሽያጭ በፊት ሌሊትም ይነሳል፣ ከሽያጭ በኋላ ቀንም አይነሳም። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ የራስ ቅባት፣ «የዕፅዋት ሻምፑ» የሚሉት ፈሳሽ፣ የፊት መሸብሸብና ማዲያት ያጠፋል የተባለ ነጭ ክሬም። ደንበኞቼ እያመጡ ስላሳዩኝ ሦስቱንም በእጄ ይዤ አይቻቸዋለሁ።

ፀጉር ሰሪ ነኝ። ከለር በመቀባትም እንጀራዬን እበላለሁ፤ ስለዚህ «ገበያዋ እንዳይነካባት ነው» የሚል አይጠፋም። ይበል። እኔ ሽበት መቀባትን አልቃወምም፣ ሽበትን መተውንም አልቃወምም። የምቃወመው ሰው የገዛውን ነገር ሳያውቅ ራሱ ላይ እንዲያፈስ መደረጉን ነው።

በቅባቱ ልጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። የኮኮናት ዘይት ይሸታል፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድም ያለበት ይመስላል። ፀጉር ያለሰልሳል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከእሱ አትጠብቁ። የፀጉርን ቀለም የሚሠሩት ከቆዳ ሥር፣ ፀጉሩ በሚበቅልበት ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ቀስ በቀስ ያልቃሉ፣ ፀጉሩም ያለ ቀለም ይወጣል። ከቆዳ በላይ የምናየው ፀጉር ደግሞ ሕይወት የሌለው ነገር ስለሆነ ቅባት ጠጥቶ ቀለም ሊሠራ አይችልም። በዕድሜ የመጣ ሽበትን ከሥሩ የሚመልስ ቅባት ደሴም የለም፣ ዱባይም የለም፣ ቢኖር ኖሮ የዓለም ሀብታም ሁሉ ራሱ ጥቁር በሆነ ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ በድንገት የሸበታችሁ ካላችሁ ግን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የታይሮይድ ችግር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ደም አስመርምሩ። እሱ በምርመራ የሚታወቅ፣ በሕክምና የሚታከም ነገር ነው፤ ከፓኬጁ ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ «ሻምፑው»። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ካርቶኑን ስትከፍቱ ከሻምፑው ጋር የላስቲክ ጓንት ታገኛላችሁ። እስቲ ጠይቁልኝ፣ ራስ መታጠቢያ ሻምፑ ጓንት ምን ያደርግለታል? መመሪያው ቀጥሎ «ደረቅ ፀጉር ላይ ቀብታችሁ አሥር ደቂቃ ቆዩ፣ ቅንድብ ላይ እንዳይነካ» ይላል። እኛ ሳሎን ውስጥ ለከለር የምናደርገው ይህንኑ ነው። በአማርኛ የተለጠፈው ወረቀት «ከኬሚካል ነፃ፣ መቶ በመቶ ከዕፅዋት» ይላል። ወረቀቱን በሙቅ ውሃ አረጠብነውና ላጥነው። ከሥሩ የፋብሪካው የዓረብኛ ጽሑፍ ወጣ። ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ አነበበችልን፦ የፀጉር ቀለም ነው፤ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ ከመጠቀማችሁ 48 ሰዓት በፊት ቆዳ ላይ ሞክሩ፤ ለቅንድብና ለሽፋሽፍት አይሁን። ማለት ፋብሪካው አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያውን በወረቀት የሸፈነው እዚሁ ያለው ሻጭ ነው።

ከይዘቶቹ መካከል ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ማቅለሚያ ኬሚካል አለበት፤ በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። ፒፒዲ ሰይጣን አይደለም፤ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ቋሚ የጥቁር ከለሮች ውስጥ አለ፣ እኔም የምቀባው ከለር ውስጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ራስ ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አድርጎበታል። ነገር ግን አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። ክፋቱ ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ምንም ላያሳይ ይችላል። ሰውነት አንዴ ካወቀውና ከጠላው በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቅብ ይነሳል፤ ያውም በአንድና በሁለት ቀን ዘግይቶ። ራስ ያሳክካል፣ ግንባር ውሃ ይቋጥራል፣ የዓይን ቆብ አብጦ ዓይን ይደፈናል። ባለፈው ይህን ፓኬጅ ተቀብተው እኔ ጋ የመጡ አንድ እናት እንዲህ ሆነው ነበር፣ ሻሻቸውን ዓይናቸው ድረስ ጎትተው። «ሻምፑ ነው የተባልኩት እኮ ልጄ» አሉኝ። እኔ ጋ ቢቀቡ ኖሮ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ነክቼ ሁለት ቀን እንዲጠብቁ አደርግ ነበር፤ ሻምፑ ተብሎ የተሸጠለትን ሰው ግን ማን ይሞክር ይለዋል?

ለሰርግ «ጥቁር ሂና» ተነቅሳችሁ እጃችሁ ያሳከካችሁ ወይም ውሃ የቋጠረ ሴቶች በተለይ ስሙኝ። ንጹሕ ሂና ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው የሚያወጣው። በአንድ ሰዓት ጥቁር የሚሆን ሂና ብዙ ጊዜ ይኸው ፒፒዲ የተቀየጠበት ነው። በእሱ አንዴ የተጎዳ ሰው የፀጉር ከለር ሲቀባ ሊብስበት ይችላል። ሽበት መሸፈን የሚፈልግ ካለ የአባቶቻችን ዘዴ አለ፤ ሼሆቻችን ጢማቸውን በሂና ሲያቀሉ እያየን ነው ያደግነው። ጥቁሩን ራቁ የሚሉትም እነሱ ናቸው፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ይሁን እንጂ ለቆዳውም ጠቅሟቸዋል። እናቶቻችን ለእጅና ለእግር የሚሞቁት እንሶስላም ቢሆን ቀይ ነው የሚያወጣው።

«ከሥሩ አጠቆረ» የሚለው ውሸት የሚጋለጥበት ቀላል መንገድ አለ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከተቀባችሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሐል ራሳችሁ ላይ ከፍላችሁ መስተዋት ፊት ቁሙ። ሥሩ ነጭ ከሆነ ከለር ነው። ሻጮቹም ይህን ያውቁታል፤ ለዚህ ነው «የሦስት ወር ኮርስ ነው፣ ሦስት ካርቶን ካልጨረሳችሁ አይሠራም» የሚሉት። የገንዘብ ተመላሽ ዋስትናው ደግሞ የሚጀምረው ሦስተኛውን ካርቶን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው አሉ። አቤት ብልጠት! ይህንኑ የመሰለ ከለር በትንንሽ ከረጢት በየኮስሞቲክስ ሱቁ፣ ስሙ ከነማስጠንቀቂያው ተጽፎበት፣ ከፓኬጁ ዋጋ እጅግ ባነሰ ብር ይሸጣል።

ክሬሙ ላይ ግን በእርግጠኝነት አልናገርም፣ ላቦራቶሪ የለኝም። የማየውን ልንገራችሁ። ትንሽ ነጭ ብልቃጥ ናት፤ የአምራች ስም የለባትም፣ ይዘት አልተጻፈባትም፣ የሚያበቃበት ቀን የለባትም። ሻጯ ለገዢዎች «ስትቀቡ የወርቅ ቀለበት አውልቁ» ትላለች፣ ምክንያቱን ስትጠየቅ «ክሬሙ ኃይለኛ ስለሆነ» ነው መልሷ። ከወርቅና ከብር ጌጥ አታነካኩ የሚል መመሪያ ሜርኩሪ ያለባቸው ማንጫ ክሬሞች ላይ የሚታወቅ ምልክት ነው። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ የነፍሰ ጡር ጽንስም አይምርም። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ከገበያ እንዲወጡ ያስገድዳል፤ የተሸሸገ ብልቃጥ ግን ውል አያነብም።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት ዓይነት። እነዚህ ሐኪም ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ትእዛዝ ፊት ላይ ሲቀቡ በመጀመሪያው ሳምንት ፊት ይፈካል፣ ሰው ሁሉ «ማሻአላህ፣ ምን ተቀባሽ?» ይላል። በዚያ ሳምንት ነው ጎረቤት ሁሉ የሚያዘው። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ ማቆም ስትሞክሩ ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። መሸብሸብ እንዲጠፋ የተገዛው ነገር ቆዳን አሳስቶ ያስረጃል ማለት ነው። ለወራት የተቀባችሁ ካላችሁ በአንዴ አቁማችሁ ቤት ውስጥ አትሰቃዩ፤ ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው።

ፊት እንዳይሸበሸብ ከተጨነቃችሁ ዋናው ነገር ፀሐይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የፀሐዩ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድና ጉም ግን ያታልለናል፣ አልሞቀንም ብለን ፊታችንን ሰጥተን እንውላለን። ጥላ ያዙ፣ ነጠላችሁን ወደ ግንባር ሳብ አድርጉ፤ አቅም ያለው መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ከፋርማሲ ይግዛ። ለመሸብሸብ ማስረጃ ያለው መድኃኒት ትሬቲኖይን ነው፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ክልክል።

ሰው ለምን ይገዛል? እኛው ነን የምንሸጠው። ለቅሶ ቤት ሄዶ «ውይ፣ ምነው እንዲህ ሸበትሽ?» የማይል ማን አለ? ሻጯም ይህንን ቁስል ታውቀዋለች። ሁለተኛው የቡና ሲኒ ላይ ስልኳን ታወጣና «የወሎ ቆንጆ ታረጃለች እንዴ?» ትላለች። ልጃቸው ውጭ አገር ያለች፣ ብር የሚላክላቸው እናቶች ቤት ነው የምትመላለሰው። «ከሳዑዲ የመጣ ነው» ስትልና የዓረብኛ ፊደሉ ሲታይ ደግሞ እምነቱ ይጨምራል። ሦስት ገዢ ላመጣች ሴት አንድ ካርቶን በነፃ ይሰጣታል፤ እንዲህ እየሆነ ነው እህት እህቷን፣ ጎረቤት ጎረቤቷን የምታስገባው። ወንዶቹም አልተረፉም፣ ለሪዝና ለጢም የሚሆን «ስፔሻል» መጥቷል አሉ። (አንዱ ደንበኛዬ ጠቁሮ ከሄደ በኋላ ለሽምግልና ሲፈለግ «ሽበት ያለው ሰው ይሻላል» ተብሎ ቀረ። ለሱ ግን አላዘንኩም።)

እስካሁን ያልከፈላችሁ አትክፈሉ። «ዛሬ ማታ ዋጋው ይጨምራል» ካለቻችሁ ይጨምር። የምትገዙት ማንኛውም የፀጉርም የፊትም ነገር ላይ የአምራቹ ስም፣ የይዘት ዝርዝር፣ የምርት መለያ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን መኖሩን እዩ፤ አማርኛው ወረቀት ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ የሸፈነ ከመሰላችሁ ልጡት። ደረሰኝ ጠይቁ፣ የሚሸሽ ሻጭ በዚያው ይታወቃል።

የከፈላችሁ ደግሞ ካርቶኑንና ጓንቱን ሳይቀር አትጣሉ። የቴሌብር መልእክቱን፣ የቴሌግራም ንግግሩን፣ ዋስትና ያለችበትን የድምፅ መልእክት አስቀምጡ፤ ፊታችሁ ወይም ራሳችሁ ከቆሰለ ቀኑን ጽፋችሁ ፎቶ አንሱ። መዋቢያን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ነው። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል፤ ለከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። ማልቀስ ብቻውን ብር አይመልስም። አንድ ሰው ብቻውን ሲያመለክት «ቆዳዋ ነው ያልተስማማው» ብለው ይገፉታል፤ ከአንድ ሻጭ የገዛችሁ ተሰብስባችሁ ብትሄዱ ይሻላል። እኔም የላጥነውን ወረቀትና የሥሩን ጽሑፍ ፎቶ አስቀምጬዋለሁ፣ ለሚያመለክት እሰጣለሁ።

አሁን ካርቶኑን ቀይረውታል የሚል ወሬ ደርሶኛል፤ አረንጓዴው ቀርቶ ቡናማ ሆኗል፣ ስሙም ሌላ ነው። ወልድያና ባቲ ላሉ ዘመዶቻችሁ ቀድማችሁ ደውሉላቸው።