ከሎውረንስ የበረሃ ማስታወሻ የትኛውን እትም እንግዛ?

የእንግሊዙ መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስ፣ ዓረቦች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኦቶማን ቱርክ ላይ ባነሡት ዐመፅ ውስጥ ያሳለፋቸውን ሁለት ዓመታት የተረከበት ማስታወሻ፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፉ የጦር ሜዳ ትዝታዎች በአጻጻፍ ውበታቸው ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ገዢን የሚያስቸግረው ግን መጽሐፉ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። «ሴቨን ፒላርስ ኦቭ ዊዝደም»፣ በአማርኛ «ሰባቱ የጥበብ ምሰሶዎች» ልንለው በምንችለው ርዕስ፣ በርዝመትም በአነጋገርም የሚለያዩ ሁለት ጽሑፎች ይሸጣሉ፤ «ሪቮልት ኢን ዘ ዴዘርት» ማለትም «ዐመፅ በበረሃ» በሚል ርዕስ ደግሞ ከዚያው ተቀንጭቦ የወጣ ሦስተኛ አለ። እኔ ሦስቱንም የገዛሁት ልዩነታቸውን የሚነግረኝ ሰው ሳላገኝ፣ በማይገባው ቅደም ተከተል ነው፤ አንባቢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል በማለት ንጽጽሩን አቅርቤዋለሁ። ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርዕሱን አይቶ የፍልስፍና መጽሐፍ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ስሙ የተወሰደው ጥበብ ቤቷን ሠርታ ሰባት ምሰሶዎቿን እንዳቆመች ከሚናገረው ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 9 ቁጥር 1 ሲሆን፣ ሎውረንስ ከጦርነቱ በፊት ስለ ሰባት የምሥራቅ ከተሞች ጽፎ ላጠፋው ሌላ መጽሐፍ ያወጣውን ስም ነው ለዚህኛው ያዛወረው። ውስጡ ያለው ግን ግመል፣ ድማሚት፣ የባቡር ሐዲድ፣ ጥማት፣ የጎሣ ጠብና አንድ ራሱን የሚከስ ሰው ነው።

የሦስቱ ጽሑፎች መነሻ እንደሚከተለው ነው። ሎውረንስ ታሪኩን በ1919 በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ወቅት መጻፍ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሬዲንግ በተባለው የእንግሊዝ ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲቀይር ረቂቁን የያዘውን ቦርሳ ረስቶ ሄደና አብዛኛው በዚያው ቀረ። ከዚያም በአመዛኙ ከትዝታ፣ ከ400 ሺህ ቃላት የማያንስ ሁለተኛ ረቂቅ በጥቂት ወራት ጽፎ ያንንም ኋላ ራሱ አቃጠለው። ሦስተኛው 335 ሺህ ቃላት ያህል ያለው ጽሑፍ በ1922 በአንድ የኦክስፎርድ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት በስምንት ቅጂ ብቻ ታተመ፤ እንዲህ ያደረገውም በታይፕ ከማስጻፍ ይልቅ ማሳተሙ ስለ ረከሰለት ነው። የኦክስፎርዱ ጽሑፍ የሚባለው ይህ ነው። ቀጥሎ ይህንኑ ወደ 250 ሺህ ቃላት ገደማ አሳጥሮ በ1926 አስቀድመው ለተመዘገቡ ገዢዎች በ30 ጊኒ (የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ) ዋጋ 200 ያህል ቅጂ አወጣ። ሥዕሉ፣ ወረቀቱና ጥረዛው ከተቀበለው ገንዘብ እጅግ የላቀ ወጪ ስላስከተለበት ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ዕዳውን ለመክፈል በ1927 የ130 ሺህ ቃላቱን «ዐመፅ በበረሃ» ለሕዝብ ሸጠ። የ1926ቱ ጽሑፍ በመደበኛ ዋጋ ለሕዝብ የቀረበው ደራሲው በግንቦት 1935 በሞተር ብስክሌት አደጋ ከሞተ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው።

እንግዲህ አጭሩን እናስቀድም። «ዐመፅ በበረሃ» ለመነበብ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይቀንሳል፤ ጀማሪ አንባቢም በመጠኑ ተስቦ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የዐመፁን መንሥኤ፣ የዓረቦችን ምድርና የቱርክን አገዛዝ የሚያስረዱት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ምዕራፎች ተቆርጠው ወጥተዋል፤ ትረካው ደራሲው ጅዳ ወደብ ሲደርስ በቀጥታ ይጀምራል። ጥቃቱ፣ ጉዞውና ድሉ በቦታቸው አሉ። የጎደለው ሎውረንስ ስለ ራሱ የሚናገረው ክፍል ነው። በኅዳር 1917 ደርዓ በተባለች ከተማ ተይዞ በቱርኮች ደረሰብኝ የሚለው ግፍ በዚህ እትም ውስጥ የለም፤ በ1918 በ30ኛ ዓመት ልደቱ ዕለት ባይር በተባለው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ማንነቱን ያለ ርኅራኄ የሚመረምርበት ምዕራፍም የለም። እንግሊዝ ለዓረቦች ነጻነትን ቃል እየገባች፣ በ1916ቱ የሳይክስና ፒኮ ስምምነት መሠረት ምድራቸውን ከፈረንሳይ ጋር ልትካፈል መሆኑን እያወቀ ሲያዋጋቸው የተሰማው ኀፍረትም በእጅጉ ሳስቶ ነው የሚገኘው። ሰውየው ራሱ እንኳ ዕዳው ተከፍሎ እንዳለቀ መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር እንዳይታተም አድርጓል። ስለዚህ «ዐመፅ በበረሃ»ን የገዛ ሰው የጀብዱ ታሪክ ገዝቷል፤ መጥፎ ጀብዱ አይደለም፣ ነገር ግን ሙሉው መጽሐፍ በትንሹ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ተሳስቷል።

የ1926ቱ ጽሑፍ፣ ማለትም ዛሬ በየመደብሩ በተለመደው ርዕስ የሚገኘው፣ መግቢያና አሥር ክፍሎች አሉት። አንድ ትዕይንት በቅርብ እንይ። ሐምሌ 2 ቀን 1917 ወደ ዐቃባ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ አባ አል ሊሳን በተባለው ስፍራ የሑወይጣት ጎሣ ተዋጊዎች አንድ የቱርክ ሻለቃ ጦር ከበው ቀኑን ሙሉ ሲተኩሱ ውለዋል፤ ሙቀቱ ጠመንጃውን ለመያዝ እስኪያስቸግር አቃጥሏል። ሎውረንስ በድካም ከአንድ ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ ሳለ የጎሣው መሪ አውዳ አቡ ታዪ ይመጣና ሰዎቼን እንዴት አየሃቸው ይለዋል፤ እሱም ተኩሳቸው ብዙ፣ የሚመቱት ግን ጥቂት ነው ብሎ ይመልስለታል። አውዳ በንዴት ገርጥቶ የራስ መሸፈኛውን ቀዶ ይጥልና ፈረሰኞቹን እየጠራ ቁልቁል ይጋልባል። ሎውረንስም በግመል ተከትሎ ሽጉጡን እየተኮሰ ሲገባ ግመሏ በድንገት ትወድቅና እሱ ከፊቷ ተስፈንጥሮ ይዘረራል፤ ውጊያው ካለቀ በኋላ ሲመረምራት የራሷን አናት በጥይት የመታት ራሱ ጋላቢው ሆኖ ይገኛል። አራት ቀን ሳይሞላ ዐቃባ ተያዘች። አንድ ጸሐፊ በድሉ ቀን የገዛ ግመሉን መግደሉን ሳይሸሽግ መናገሩ የመጽሐፉን መንፈስ ከማንኛውም የሽፋን ማስታወቂያ ይልቅ ያሳያል።

ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ዐረፍተ ነገሮች ጠባብ ናቸው። ሎውረንስ የ1926ቱን እትም ሲያዘጋጅ ቃላትን የቆረጠው ለሐሳቡ ብቻ ብሎ ሳይሆን ለገጹ መልክም ጭምር ነበር፤ አንቀጹ የት መስመር ላይ ቢያልቅ፣ ገጹ በየትኛው ፊደል ቢጀምር ዐይንን ደስ ያሰኛል እያለ ቃል ይለውጥና ይቀንስ ነበር። የዚህ ውጤት ድምቀት ያለው፣ ግን በጣም የታመቀ እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች አንዳንዱ አንቀጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተነበበ አይፈታም። ለመሰልቸት የሚዳርገውም የገጹ ብዛት ሳይሆን ይህ እምቅነቱ ነው።

የኦክስፎርዱ የ1922 ጽሑፍ ሲሶ ያህል ይረዝማል፤ ሆኖም እኔ በፍጥነት የጨረስኩት እሱን ነው። የአንዱ ክንውን ከሌላው ጋር ያለው ተያያዥነት አልተቆረጠም፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ ለምን በዚያ መንገድ እንደ ተሄደ፣ በመካከሉ ምን እንደ ተበላ ሳይቀር ተነግሯል፤ የደርዓውም ነገር ዘርዘር ብሏል። አንዳንድ ቦታ እርግጥ ይንዛዛል፤ ደራሲው ያልተገራ ስሜቱንም ያፈስበታል። እንከኑ ሌላ ነው። ለብዙ ዘመን በእነዚያ ስምንት ቅጂዎች ብቻ ተወስኖ ቆይቶ የታተመው የሎውረንስን ሕይወት በጻፈው በጄረሚ ዊልሰን አርታኢነት በ1997 ነበር፤ ያም በጥቂት ቅጂ ለሰብሳቢዎች የቀረበ ሲሆን፣ በአንድ ጥራዝ የወጣው እትም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመሆኑም ከተለመደው እትም ይወደዳል፤ በአዲስ አበባ የአሮጌ መጽሐፍ አዟሪዎች ዘንድ ይገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግም ከንቱ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ማስያዝ ያስፈልጋል። ለማስያዝ የሚሻ ሰው በርዕሱ ሥር «የ1922 ጽሑፍ» ወይም «የኦክስፎርድ ጽሑፍ» የሚል መኖሩን ሳያረጋግጥ እንዳያዝዝ፤ ርዕሱ ከሌላኛው ጋር አንድ ነውና።

የ1926ቱን ጽሑፍ ለመግዛት ለወሰነ ሰው፣ ከብዙዎቹ ዳግም ኅትመቶች መካከል መምረጡ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። መጀመሪያ ካርታውን ይመልከት። አሳታሚው ጆናታን ኬፕ በ1935 ያወጣው እትም አራት ተጣጣፊ ካርታዎች ነበሩት፤ እኔ መጀመሪያ በእጄ የገባው ርካሽ ኅትመት ግን አንዱን ካርታ ብቻ፣ ያውም እንደ ቴምብር አሳንሶና አደብዝዞ አትሞት ስለ ነበር፣ ከአል ወጅህ ወደ ዐቃባ ያለውን የሁለት ወር ጉዞ በባዶ ገጽ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነበር የተከታተልኩት። ጅዳን፣ ያንቡንና ጣኢፍን በሥራ የሚያውቋቸው ብዙ ወገኖቻችን በመጀመሪያው ክፍል ላይ ካርታ ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ግን ለሁሉም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሚታየው የመግቢያ ምዕራፉ ነው። በወዳጁ በተውኔት ጸሐፊው በበርናርድ ሾው ምክር ከ1926ቱ እትም እንዲወጣ የተደረገ አንድ ምዕራፍ አለ፤ ወደ መጽሐፉ የተመለሰው በ1940 ነው። በሌሊት ከሚያልሙት ይልቅ በቀን የሚያልሙት አደገኛ ናቸው የሚለውና በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚጠቀሰው ሐሳብ የሚገኘው በዚሁ ምዕራፍ ነው። ከ1940 በፊት የታተመ ወይም ከዚያ የተቀዳ መጽሐፍ የገዛ ሰው ያንን ሲፈልግ ዓይኑን አድክሞ ይቀራል። መለያው ቀላል ነው፤ ከምዕራፍ አንድ በፊት፣ ታሪኩ መጀመሪያ በፓሪስ እንደ ተጻፈ በመናገር የሚጀምር ምዕራፍ ካለ አልተቆረጠም ማለት ነው።

ሦስተኛው የስሞች ማውጫ ነው። ሎውረንስ የዓረብኛ ስሞችን በአንድ ዓይነት ፊደል አይጽፍም። የማተሚያ ቤቱ አራሚ ጅዳ በሁለት ዓይነት መጻፏን አመልክቶ ሆን ተብሎ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቀው «እንዴታ!» የሚል መልስ ነው የሰጠው፤ ስለ አንዲት ግመል ስም ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሲጠየቅም ግሩም እንስሳ ነበረች ብሎ አልፎታል። የአገራችንን ስሞች በእንግሊዝኛ በአምስት ዓይነት ተጽፈው ማየት ለለመድን ለእኛ ይህ አያስደንቅም፤ ያለ ማውጫ ግን አንዱ ሼኽ ሁለት ሰው መስሎ ይታያል።

ከ1962ቱ «ሎውረንስ ኦቭ አረቢያ» ፊልም ተነሥቶ መጽሐፉን የሚፈልግ ሰውም አይጠፋም። በፊልሙ ሎውረንስ ከበረሃ ያዳነውን ጋሲምን ኋላ በገዛ እጁ ሲገድለው ይታያል፤ በመጽሐፉ ግን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የደም ጠብ እንዳይነሣ ሲል የተኮሰበት ሐመድ የተባለው የሞሮኮ ሰው ሲሆን፣ ያም ጋሲምን ከማዳኑ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ነው። መጽሐፉም ቢሆን እንደ ታሪክ ሰነድ ብቻውን አይበቃም። በደርዓ የተፈጸመውን የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ የዮርዳኖሱ ታሪክ ጸሐፊ ሱለይማን ሙሳም ሎውረንስ ለራሱ የሰጠውን ድርሻ ከዓረቦቹ ምስክርነት ጋር እያነጻጸረ በሰፊው ሞግቶታል፤ ገንዘብ የተረፈው ሰው የእሱን መጽሐፍ አብሮ ቢገዛ ከሁለተኛ የሎውረንስ እትም የበለጠ ይጠቅመዋል። የእኛን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ዘመኑ የራሱ ትርጉም አለው። የመካው ገዢ ሸሪፍ ሑሴን በሰኔ 1916 መካ ላይ በቱርክ ላይ ሲነሡ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ እዚህ ደግሞ ከቱርክ ጋር ወዳጅነት አላቸው ተብለው የተከሰሱት ልጅ ኢያሱ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ከሥልጣን ወርደዋል። ሎውረንስ ይህን እንዲተርክልን መጠበቅ አይገባም፤ ካርታው ላይ ግን ሁለቱ ዳርቻዎች ፊት ለፊት ናቸው።

እኔ ዛሬ እንደ አዲስ ብገዛ፣ ካርታ፣ የመግቢያ ምዕራፍና ማውጫ ያሟላውን የ1926ቱን ጽሑፍ በጠንካራ ሽፋን እገዛለሁ፤ ስስ ሽፋን ያለው ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በመካከሉ መሰንጠቁ አይቀርምና። የኦክስፎርዱን የምመክረው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ እንግሊዝኛው ለታመቀበትና ዋጋው ለማያሳስበው፣ እንዲሁም የመጀመሪያውን አንብቦ ወድዶ ምን እንደ ተቆረጠ ለማየት ለጓጓ። «ዐመፅ በበረሃ»ን ለታዳጊ ወይም ጦርነቱን ብቻ ለሚፈልግ አንባቢ መስጠት ይቻላል። ያልወሰነ ሰው ደግሞ ምንም ሳይከፍል የሚሞክርበት መንገድ አለ፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግ አውስትራሊያ የ1926ቱን ጽሑፍ በኢንተርኔት በነጻ አቅርቦታል። ከዚያ ላይ የአባ አል ሊሳንን ውጊያ የሚተርከውን ምዕራፍ ከፍቶ አሥር ገጽ ያንብብ፤ ግመሏ እስክትወድቅ ድረስ ሳይሰለች ከደረሰ ወደ መደብሩ ይሂድ።