የወዳጆች መጽሔት ሂስ፦ በጽሑፍ ወይስ በቃል?

ባሕር ዳር ውስጥ የወዳጆች መጽሔት፣ ማለትም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ራሳቸው ጽፈው በፎቶ ኮፒ የሚያባዙት እትም፣ ለሚያዘጋጁ ሁለት የሂስ መንገዶች አሉ። አንደኛው በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የፋንታሲ አማተር ፕሬስ ማኅበር ልማድ ነው፤ አባላት እትሞቻቸውን ለአንድ አሰባሳቢ ይልካሉ፣ ጥቅሉ ለሁሉም ከተዳረሰ በኋላም እያንዳንዱ አስተያየቱን በሚቀጥለው እትሙ ያሰፍራል። ሌላው ጣና ዳር ቡና ይዞ ፊት ለፊት መነጋገር ነው።

የቃል ሂስ ፈጣን ቢሆንም ይሉኝታ ያለዝበዋል፤ «ግሩም ነው፣ በርታ» ተብሎ ይታለፋል (ቡናውን የጋበዘው ደራሲው ከሆነማ አይነሣ!)። በጽሑፍ ግን ሃያሲው ገጽ ጠቅሶ፣ ለምሳሌ አየር በሌለበት ጠፈር የፍንዳታው ድምፅ እንዴት ሊሰማ እንደቻለ ለመጠየቅ ይገደዳል። ስለዚህ ለይዘት ጽሑፉን እመርጣለሁ፤ የደበዘዘ ኅትመትንና የተዛነፈ ገጽን ግን እትሙን በእጅ ይዞ ማሳየት ይቀላል።