ሴስና 170 ወይስ 172?

ሁለቱ የሴስና ኩባንያ ትናንሽ አውሮፕላኖች እህትማማቾች ናቸው። 170 እ.ኤ.አ. በ1948፣ 172 ደግሞ በ1956 ወጡ። ዋናው ልዩነት ሦስተኛው ጎማ ነው፤ የ170 ከጭራው ሥር፣ የ172 ከአፍንጫው ሥር።

አየር ላይ ብዙም አይለያዩም። ጣጣው መሬት ላይ ነው። የ170 የክብደት ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው። አርፎ ሲንደረደር አፍንጫው ትንሽ ዞር ካለ፣ የኋላው ክብደት ይባስ ያዞረዋል። አብራሪው በፔዳል ቶሎ ካልመለሰው እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ክንፉ መሬት ይመታል። የጎን ነፋስ ካለማ ጉድ ነው! ሞተሩ እስኪጠፋ እግር አያርፍም።

172 ክብደቱ ከዋና ጎማዎቹ ፊት ስለሆነ ራሱን ያቃናል። በአፍንጫው ካረፈ ግን ይነጥራል፤ ፕሮፔለሩም አስፋልት ሊመታ ይችላል።

ለጀማሪ 172 እላለሁ። ለጠጠራማ ሜዳ ግን 170ን እመርጣለሁ።