የስልክ ማክሮ ሌንስ ገዝቼ ጥዱ ላይ የተለጠፈችውን የእሳት እራት አየኋት

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ ፒያሳ ካሉት የሞባይል ዕቃ ሱቆች ባንዱ ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ማክሮ ሌንስ (ጥቃቅን ነገር በቅርበት አጉልቶ የሚያሳይ) በ700 ብር ገዝቼ ወር ሞላኝ፣ ለመግዛት ላሰበ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ የገዛሁትም ለክፍል ነው። በየዓመቱ ስለ እንግሊዟ የእሳት እራት አስተምራለሁ፣ ያቺ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ የፋብሪካ ጥላሸት ዛፉን ሲያጠቁረው ነጮቹን ወፍ እየለቀማቸው ጥቁሮቹ የበዙት። በፈረንጅ 1848 ማንቸስተር ላይ ጥቁሯ ብርቅ ነበረች፣ በ1895 ከመቶው 98ቱ ጥቁር ሆኑ፣ የ1956ቱ የአየር ብክለት ሕግ ከወጣ በኋላ ደግሞ ነጮቹ እየተመለሱ መጡ። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይም ይጽፉታል፣ ግን የእሳት እራት ቀን ቀን የት እንደምትውል ብጠይቃቸው ክፍሉ ጭጭ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ ከጥዶቹ አንዱ ስር ቆምኩ። የጥድ ቅርፊት ታውቁታላችሁ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ ክር ተልጦ ተልጦ ነው ያለው። ሃያ ደቂቃ ምንም የለም። በኋላ አንዷ ክር ጠርዟ ትንሽ ቀጥ ያለ መሰለኝና ሌንሱን ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ድረስ ሳስጠጋው ክንፍ! ግራጫ ክንፍ፣ ላዩ ላይ ያሉት መስመሮች ከቅርፊቱ መስመር ጋር ገጥመው፣ ልጥፍ ብላ ተኝታለች፣ ጥላ እንኳን የላትም። ጣት ላይ የሚቀረው ያ ዱቄት በሌንሱ ሲታይ እንደ ጣራ ክዳን የተደራረበ ቅርፊት ነው፣ ዛፉም ቅርፊት እሷም ቅርፊት። አንቴናው ላባ መስሎ የተዘረጋ ስለሆነ ለካ እሷ እያልኩ የቆየሁት ወንድ ኖሯል፣ በዚያ ላባ ነው የሴቷን ጠረን በጨለማ ከሩቅ የሚለየው።

በር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት «ምን ጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ፣ ስልኩን አሳየኋቸው። «ይቺማ የእሳት እራት ናት፣ ጧፍ ላይ እየመጣች የምትቃጠለው» አሉና ዛፉን ራሱን ቀና ብለው ሲያዩ ግን አልታየቻቸውም፣ በጣቴ እያመለከትኳቸው እንኳን ብዙ ፈለጉ። እኔም ነገርኳቸው፣ እሳት ወዳ አይደለም እማማ፣ ማታ ስትበር ጀርባዋን ብርሃን ወዳለበት ወደ ሰማይ አድርጋ ነው ቀጥ የምትለው፣ ጧፍ ሲበራ ጀርባዋን ወደዚያ ታዞርና መዞር ብቻ ይሆንባታል። «ወይ አንጀቴን!» አሉ።

ወደ ሌንሱ ልመለስ። ጥራቱ ለዋጋው በጣም ጥሩ ነው፣ መሀሉ ጥርት ይላል ዳር ዳሩ ግን ይደበዝዛል፣ ዐይኗ ሲጠራ የክንፏ ጫፍ ይጠፋል ስለዚህ ብዙ ፎቶ አንስታችሁ መምረጥ ነው። ሁለት ሦስት ካሜራ ያለው ስልክ ከሆነ ዋናውን ለይታችሁ እሱ ላይ ቆንጥጡት፣ አለዚያ ስልኩ በራሱ ካሜራ እየቀየረ ምስሉን ያጨልመዋል። ከቨሩንም አውልቁት። የከፋኝ ክሊፑ ነው፣ በሦስተኛው ሳምንት ስፕሪንጉ ላላ፣ መልሼ ብወስደው ባለሱቁ አልቀይርም አለኝ፣ አሁን በላስቲክ አስሬ ነው የምሠራበት።

ክፍል ውስጥ ግን ዋጋውን አውጥቶልኛል። አንዱ ተማሪዬ ከአዘዞ በቆሎ ላይ ተምች ይዞ መጣ፣ በሌንሱ እያየን ይሄ ነገ የእሳት እራት ነው የሚሆነው ስለው ሊያምነኝ አልቻለም፣ አፈር በያዘ ጠርሙስ ቅጠል እያበላ አሳደጋት፣ አፈሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቡናማ ክንፍ ይዛ ወጣች። ያን ቀን ሌንሱን ለመያዝ ተሰለፉ።

የምትገዙ ሰዎች ክሊፑን እዚያው ሱቁ ውስጥ አስር ጊዜ ክፈቱት ዝጉት፣ ከላላ ተዉት። የእሳት እራት ፍለጋ ከሄዳችሁ ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ሂዱ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የክንፏ ጠርዝ ይለያል፣ እና እባካችሁ እንዳትነኳት።