ለፎቶ ቤት የትኛው ፕሪንተር? ባለ 4 ቀለም፣ ባለ 6፣ ዳይ ሰብ ወይስ ሌዘር

ሻጭ አስቀድሞ የሚጠራው ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተም የነጥብ ብዛት) ነው፤ 5760 ሲባል ከ300 የሚሻል ይመስላል። ጤነኛ ዓይን ግን ፎቶን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲያይ ነጥብ ከነጥብ የሚለየው በአንድ ኢንች እስከ 300 ገደማ ነው። ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው፣ ባለ 4ቱም ባለ 6ቱም) ያን ሁሉ ቁጥር የፈለገው ጠብታውን እንደ ልቡ ማፍዘዝ ስለማይችል ነው፤ ፈዛዛ የሚያስመስለው ጠብታዎቹን አራርቆ ነው። ዳይ ሰብ (ቀለሙን ከሪባን፣ ማለትም ከባለ ቀለም ፊልም፣ በሙቀት ወረቀት ላይ የሚያሰርፀው) እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የቀለሙን መጠን በሙቀት ስለሚቀያይር 300ው ይበቃዋል።

ባለ 4 ቀለሙ ኤፕሰን ኤል3250 እና ባለ 6ቱ ኤል8050 ጥቁር ቦታ ላይ ብዙም አይለያዩም። የሙሽራዋ ነጠላ እጥፋት ላይ ግን ነጩ ወደ ግራጫ በሚሸሽበት ቦታ ባለ 4ቱ የተነሰነሰ ነጥብ ይተዋል፤ ብርሃን ያረፈበት ጉንጭም ላይ እንዲሁ። በነጭ ላይ ያለች ጠቆር ያለች ነጥብን ዓይን ቶሎ ይይዛታል። ባለ 6ቱ ፈዛዛ ሲያን (ሰማያዊ) እና ፈዛዛ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) ስላለው ነጥቡ ከወረቀቱ ጋር ይቀራረባል፣ ዓይንም ያልፈዋል። ፈዛዛ ቢጫ ያልተጨመረው ቢጫ ነጥብ በነጭ ላይ እምብዛም ስለማይታይ ነው። ለሰርግ አልበም ባለ 6ቱን ውሰዱ። በበጋ ሳይታተምበት ከሰነበተ ቀለም የሚረጨው ጭንቅላት (ሄድ) ይደፈናል፤ በሳምንት ሁለቴ ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹን መፈተሻ ገጽ) አትሙ። ሁለቱ ፈዛዛ ጠርሙሶችም ቀድመው ስለሚያልቁ መጠባበቂያ ያዙ።

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም በምዝገባ ሰሞን ጉርድ ፎቶ ለሚያትም ዳይ ሰብ ይሻላል፤ 10 በ15 ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ደርቆ ይወጣል። ሪባኑ ግን ፎቶው ነጭም ይሁን ጥቁር እኩል ያልቃል፤ ከወረቀቱ ጋር ተጣምሮ ስለሚመጣም ሌላ ወረቀት አይቀበልም። አቧራ ከገባ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል።

ሌዘር ለማመልከቻና ለፈተና ወረቀት ነው። ግራጫን የሚያስመስለው በነጥቦች መረብ ነው፤ የጥቁሩ መረብ 45 ዲግሪ የሚያዘነብለው ዓይን ሰያፍ ላይ ስለሚደክም ነው፤ ቢሆንም ፊት ላይ መረቡ ያስታውቃል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ላይም አትሰኩት፤ የሌዘሩ ማሞቂያ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ያጠፋዋል።

ባሕር ዳር ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ፎቶ በፍላሽ ያዙና አስትሙ። በሱቁ አምፖል ብቻ አትፍረዱ፣ ደጅ አውጡት፤ በኤልኢዲ ግራጫ የነበረው በፀሐይ ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል። ፎቶው ጨልሞ ከወጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የስክሪኑ ነው፤ ዓይን ከደማቅ ስክሪን ጋር ይላመዳል፣ ወረቀት ደግሞ የራሱ ብርሃን የለውም። ከስክሪኑ ጎን ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሁለቱ እስኪመሳሰሉ ብርሃኑን ቀንሱና እንደገና አትሙ።