ለጉዞ የገዛኋቸው ሁለት የሐር ሸሚዞች፣ ከወራት በኋላ

ሥራዬ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያመላልሰኛል። ጠዋት ሹራብ ደርቤ እወጣለሁ፣ እዚያ ስደርስ ሸሚዜ እንኳ ይከብደኛል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ የዚያ ግማሽ ነው። ለዚህ መንገድ ብዬ መስከረም ላይ ሁለት የሐር ሸሚዝ ገዛሁ፤ አንዱ በጣም ስስ፣ ሌላው ወፈር ያለ። አሁን ሰኔ ነው፤ ሁለቱንም በደንብ አውቄያቸዋለሁ።

የሐር ክብደት በሞሚ ይለካል። 1 ሞሚ በካሬ ሜትር 4.3 ግራም ገደማ ነው። ስሱ ሸሚዝ 8 ሞሚ ነው፤ በካሬ ሜትር 35 ግራም አካባቢ ማለት ነው። ሌላው 16 ሞሚ ነው። ተራ የጥጥ ቲሸርት ብዙ ጊዜ ከ150 ግራም በላይ ስለሚሆን፣ ወፈር ያለ ያልኩት ራሱ ከግማሹ አይደርስም።

ስሱ ታጥፎ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ሻጩም ለጉዞ የሚሆነው ይሄ ነው ብሎኝ ነበር። ግን ገላ ያሳያል፣ ከስር ካናቴራ ይፈልጋል። በድሬዳዋ ሙቀት ካናቴራ ከደረቡ ደግሞ የስስ ልብስ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ከጥቂት ወራት በኋላ ብብቱ ጋ ክሩ ከስፌቱ እየተንሸራተተ ጨርቁ ተከፈተ። ልብስ ሰፊ ከስር ደግፎ ሰፋልኝ፤ አሁን ከጎኑ መሳሳት ጀምሯል። የቦርሳ ማንገቻ የሚያርፍበት ትከሻውም ተቦጫጭሯል። ይሄን ለመንገድ አልመክርም።

16 ሞሚው ግን ልዩ ነው። ገላ አያሳይም። ሰፋ ያለ ስለሆነ አየር ያስገባል፣ ላብ ሲመጣም ገላ ላይ አይለጠፍም። ጨርቁ ክሬፕ ነው፣ ክሩ የተጠማዘዘ ስለሆነ መጨማደዱ ብዙም አይታይም። ከሻንጣ አውጥቼ ሻወር እስክወስድ መታጠቢያ ቤት እሰቅለዋለሁ፤ እንፋሎቱ ይበቃዋል፣ ካውያ አያስፈልገኝም።

ማታ ሆቴል ውስጥ አጥበዋለሁ፣ ጠዋት ደርቆ ይጠብቀኛል። አጠባው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሐር ፕሮቲን ነው። ብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ደግሞ የወጥና የደም እድፍ እንዲያስለቅቁ ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም ይጨመርባቸዋል፤ ሐሩንም አብረው ይጎዱታል። በረኪና ጨርሶ እንዳታስነኩት፣ ክሩን ያሟሟዋል። እኔ ቀዝቃዛ ውኃና ጥቂት የሕፃናት ሻምፖ ነው የምጠቀመው። ሐር ሲረጥብ ጥንካሬው ስለሚቀንስ አልጨምቀውም፤ ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ እጫነዋለሁ፣ ከዚያ ጥላ ላይ አሰጣዋለሁ። ፀሐይ ያደክመዋል፣ ነጩን ደግሞ ቢጫ ያደርገዋል። ሽቶና ዲዮድራንትም ገላ ላይ ሳይደርቁ ሸሚዙን አትልበሱ፤ እድፋቸው አይለቅም።

ገበያ ላይ ሐር ተብሎ የሚሸጥ ብዙ ፖሊስተር አለ፣ ያብለጨልጫል። ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ክር ስባችሁ ለኩሱት። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል።

ለአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ እዚሁ የተሠራ የሐር ሻርፕ ጨምሬበታለሁ። ትሉ የጉሎ ቅጠል የሚበላው ዓይነት ነው። ክሩ እንደ ጥጥ ስለሚፈተል ለስለስ ብሎ ይሞቃል፤ ለሸሚዝ ግን ይወፍራል።

የ16 ሞሚው ሸሚዝ ዋጋ ከጥሩ የጥጥ ሸሚዝ ከእጥፍ በላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሌላ 16 ሞሚ ልደግም ነው። በዚህኛው ብብቱ ሰፋ ያለ እመርጣለሁ፣ ቀለሙም ላብ የማያሳይ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል።