«ውሃ አይነካውም» የተባለው የሲንክ ካቢኔት፣ ከ14 ወር በኋላ

የኪችን ካቢኔቱን በእጄ ከገጠምኩት 14 ወር ሆነኝ። ቤቱንም ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ የቧንቧውም የፍሳሹም መስመር በእጄ ነው ያለፈው። ስለ መሳቢያዎቹና ግድግዳ ላይ ስለተሰቀሉት ብዙ የምለው የለኝም። ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ዕቃ ይችላሉ። የሚያናድደኝ ሲንኩ ሥር ያለው አንዱ ሳጥን ነው።

ያወቅኩት በሳሙና ጠርሙስ ነው። እዚያ የምናስቀምጠው የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ዘመም ብሎ ቆሞ አገኘሁት። አስተካክዬ አቆምኩት፤ ተመልሶ ዘመመ። ዕቃውን ሁሉ አውጥቼ የሳጥኑን መሬት በመዳፌ ስዳብሰው፣ የፍሳሽ ቱቦው በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ጣውላው ኩፍ ብሏል። ለካሁት። 18 ሚሊ ሜትር የነበረው 23 ደርሷል። ጠርዙን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ እርጥብ ሰጋቱራ ፍርፍር አለ።

የፈሰሰ ውሃ ግን የትም አይታይም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠቀለልኩት። ሲንኩን ሞልቼ ለቀቅኩት። ውሃ የሚያመጡት ተጣጣፊ ቱቦዎች (ፍሌክሲብሎቹ) ላይ ያለው ሶፍት ደረቅ ነው፤ የሲፎኑ፣ ማለትም ከሲንኩ ሥር ያለው ጠማማ የፍሳሽ ቱቦ፣ የታችኛው ዳዶ (ማጥበቂያ ቀለበት) ላይ ያለው ብቻ ርሷል። ጠብታዋ ከዳዶው ትነሳና የቱቦውን ጀርባ ይዛ ትወርዳለች፤ ቀዳዳው ጠርዝ ጋ ስትደርስ ጣውላው ይጠጣታል። ለስንት ወር እንዲህ ስታጠጣው እንደከረመች እንጃ።

የዳዶው ጥፋት የእኔ ነው፤ አልክድም። የፕላስቲክ ዳዶ በእጅ ነው የሚጠብቀው። እኔ ግን እንዳያፈስ ብዬ በፒንሳ ጨምሬ አጠበቅኩት፤ ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ተጣሞ ቀረ። አዲስ ቀለበት አስገብቼ በእጄ ብቻ ሳጠብቀው ማንጠባጠቡ ቆመ። ቴፍሎንም (የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠቀለለውን ስስ ነጭ ጥቅል) አልጠቀለልኩበትም፤ እዚህ ጋ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው።

ጣውላውን ግን በራሴ ላይ አላላክክም። ስገዛ ሻጩ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ አሳየኝ። «አታስብ፣ ውሃ አይነካውም» አለኝ። ወንድሜ፣ ፊቱን አይነካውም፤ እውነትህን ነው። ፊቱ ሜላሚን ነው፤ ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን። ውስጡ ግን በሙጫ ተለውሶ በሙቀት የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ የተጨመቀው ሁሉ ይለቀቃል፤ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። የፋብሪካው ጠርዝ ሁሉ በላስቲክ ተሸፍኗል። ቱቦ ለማሳለፍ የምንቀደው ቀዳዳስ? ራቁቱን ነው። ከካቢኔቱ ሁሉ ተቀዶ ቱቦ እንዲያልፍበት የሚሸጠው የሲንኩ ሳጥን ነው። ታዲያ ከሌሎቹ ጋር ያው አንድ ዓይነት ጣውላ ለምን ይሆናል? ካልሆነም ማኑዋሉ ላይ «የቀደድከውን ጠርዝ ሸፍን» የሚል አንድ መስመር ምን ነበረበት? ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ ብሎኖቹ ብዛት አራት ገጽ አለው፣ ስለዚህ ግን አንዲት ቃል የለም።

ሻጩ «መጋጠሚያህ ባያፈስ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር» ይለኝ ይሆናል። መቼም የማያፈስ መጋጠሚያ ማን አየ? ጎማ ያረጃል። ሲንክ ሥር የሚቀመጥ ዕቃ ይህን ታስቦ ነው መሠራት ያለበት።

አንድ ነገር ላመስግን፦ እግሮቹ። ፕላስቲክ ናቸው፣ እየተሽከረከሩ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሳጥኑን ከመሬት ስለሚያነሱት ወለል ሲታጠብ ውሃው ከሥር አልደረሰበትም። ውሃ ልኩም እስካሁን አልተዛባም።

የታችኛውን ጣውላ በአዲስ ቀየርኩት። ቀዳዳውን ከቱቦው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ቀደድኩ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሲደርቅ ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈንኩት። ግማሽ ቀን አልፈጀም። በመጀመሪያው ቀን ቢነገረኝ ኖሮ በዚያው ቀን ይሠራ ነበር፤ የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

ሌሎቹን ሳጥኖች ዛሬም ብሆን እገዛቸዋለሁ። የሲንኩን ግን አልገዛም፤ ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው በተጣበቁበት ጣውላ፣ በኮምፔርሳቶ፣ አሠራዋለሁ። ያበጠውን ጣውላ አልጣልኩትም፤ በር ጥግ አቁሜዋለሁ። እዚያ ሱቅ የሄድኩ ዕለት ይዤው እገባለሁ፤ ለሻጩ የማሳየው ጠርዙን ነው።